መሬቱን ያስረከበ ሽማግሌ ምን ይቀረዋል?

እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣ አንድ ሕግ በአየርላንድ ገጠር ማንም ያላሰበውን ጥያቄ አስነሣ። አገሩ ያኔ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበር። ሕጉ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ችግረኞች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ጡረታ ይከፈል ይላል፤ ክፍያውም በጃንዋሪ 1909 ይጀምራል። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ ለኖረ ሰው 5 ሺሊንግ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ግን ሰባ ዓመት መሙላቱን በምን ያስረዳ? በአየርላንድ የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መዝገብ መስፈር የጀመረው በ1864 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው የገጠር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ወረቀት ሲታጣ ትዝታ ተጠየቀ። መለኪያ ሆኖ የተገኘውም አንድ ሌሊት ነው፤ የጃንዋሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት፣ አይሪሾች «ትልቁ ነፋስ» የሚሉት። ከአትላንቲክ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ በዚያ ሌሊት የሣር ክዳኑን ከቤቱ፣ ዛፉን ከሥሩ እየነቀለ አገሩን አቋርጦ ሄደ። ያን ሌሊት አስታውሳለሁ ያለ ሰው ሰባ ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው።

ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው እንቆቅልሽ አለበት። በ1909 መባቻ ልክ ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ነፋሱ ሲመታ በእናቱ እቅፍ ያለ ጨቅላ ነበር። ጨቅላ ደግሞ ነፋስ አያስታውስም። ለ5 ሺሊንግ ሲል ዕድሜውን የጨመረ አልጠፋም ይሆናል። ሆኖም «አስታውሳለሁ» ያሉትን ሁሉ ዋሾ ማለት አይገባም። ሌሊቱን ከልጅነታቸው ጀምሮ ምድጃ ዳር ሲወራ ሰምተውታል፤ ሲደጋገም ደግሞ የሰሙትና ያዩት ተዋህዶ አንድ ሆኗል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሃልብዋክስ ስለ ትዝታ ማኅበራዊ መሠረት በጻፈውና በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው ብቻውን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው በቤተሰቡ፣ በሃይማኖቱና በወገኑ መካከል ቆሞ ነው ብሏል። እነዚያ የጡረታ አመልካቾች ሃልብዋክስን ሳያነቡ ነገሩን በሕይወታቸው ያሳዩ ናቸው። የራሴ የምለው ትዝታ ገና አፌን ሳልፈታ በሌላ ሰው አንደበት የተተከለብኝ ሊሆን ይችላል።

የጡረታው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው በ1841ና በ1851 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ውስጥ እንዲፈለግላቸው ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ደብሊን ባለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ጥራዙን እያገላበጡ የቤተሰቡን ስምና ዕድሜ በቅጽ ላይ ይገለብጡ ነበር። በጁን 1922 የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ። የዘመናት ሰነድ አመድ ሆነ፤ የእነዚያ ሁለት ቆጠራዎች መዝገብም ከጥቂቱ በቀር አብሮ ነደደ። አረጋውያኑ ያስፈለጉት ቅጽ ግን ተረፈ። ዛሬ በ1845 በጀመረው ታላቅ ረሃብ ዋዜማና ማግስት ስለ ነበረው የአየርላንድ ቤተሰብ የሚመረምር ሰው ያን ቅጽ ያገላብጣል። ዋናው መዝገብ ከጠፋበት፣ አንድ አሮጊት ስለ ጠየቁ የተጻፈው ቁራጭ ወረቀት ቆየ።

የአየርላንድ ገጠር አያቶች ስለ ልጅነታቸው የተናገሩትን ሳስብ ወደዚህ ቅጽ እመለሳለሁ። ትዝታን በጎተራ እንደ ተከተተ እህል አድርገን ማሰብ ይቀናናል፤ ሽማግሌው ሲሞቱ ጎተራው ይቃጠላል እንላለን። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ጠያቂ ያላገኘ ትዝታ ገና ትዝታ አልሆነም። ትዝታ የሚሆነው አንድ ሰው ጠይቆ ሌላው ለመመለስ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ከአያት ትዝታ ግማሹ የጠያቂው ነው።

ይህን በአገር ደረጃ የሞከረ መንግሥት አለ። ነፃ የወጣው የአየርላንድ መንግሥት በ1935 የፎክሎር ኮሚሽን አቋቋመ፤ መሪውም ጄምስ ዴላርጊ የተባሉ ምሁር ነበሩ። ኮሚሽኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከመምህራን ማኅበር ጋር ተስማምቶ ከ11 እስከ 14 ዓመት ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሥራ አስጀመረ። በድርሰት ክፍለ ጊዜ ፈንታ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ይጠይቃሉ፤ የሰሙትንም ይጽፋሉ። የጥያቄውን መምሪያ ያዘጋጁት የኮሚሽኑ የመዝገብ ባለሙያ ሾን ኦ ሱሊቫን ናቸው። ርዕሶቹ የአገር መድኃኒት፣ የአየር ጠባይ ምልክት፣ የቤት አሠራር፣ ቅቤ አናናጥ፣ የድንች አተካከል፣ የረሃቡ ዘመን፣ የመሬት ከበርቴዎች፣ የቅዱሳን ጠበልና የጥንት ጨዋታ ነበሩ። እስከ 1939 ድረስ ከ5,000 ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው ጽሑፍ 740,000 ገጽ ያህል ሆነ። ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል፤ በኢንተርኔትም ማንም ያነበዋል።

ከደብተሮቹ አንዱን የገለጠ ሰው ከላይ ርዕስና ቀን ያገኛል። ከዚያ በቀለም የተጻፈ፣ መስመር ላለመሳት የሚጠነቀቅ የልጅ እጅ ጽሑፍ ይከተላል፦ ኪንታሮት በየትኛው ጠበል እንደሚለቅ፣ ዛፍ ሥር ማን እንደ ተቀበረ፣ የጎረቤት ላም ወተቷን ማን እንደ ወሰደባት። ከታች ብዙውን ጊዜ የነጋሪው ስም፣ ዕድሜና መንደር ይሰፍራል። ልቤን የሚነካኝ ይህ የታችኛው መስመር ነው። ልጁ ያን መስመር ለመሙላት ሲል ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አያቱን ዕድሜያቸውን ጠይቋል። አያቱም ተናግረው ሲጨርሱ ስማቸው ሲጻፍ አይተዋል። ግብር ለማስከፈል ወይም ከመሬት ለመንቀል ካልሆነ በቀር ስሙን የሚጽፍ ሰው መጥቶበት ለማያውቅ ገበሬ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥያቄው ለምን በልጆች በኩል ሄደ? አንዱ ምክንያት ወጪ ነው፤ የኮሚሽኑ ሠራተኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚህ የጠለቀውን ምክንያት ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ማርክ ብሎክ ጠቁመውታል። በገበሬ አገር አባትና እናት ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ናቸው፤ ልጁን የሚያሳድጉት ቤት የሚውሉት አያቶች ናቸው። ስለዚህ ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ከመሄድ ይልቅ አንድ ትውልድ ተሻግሮ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይዘላል። ብሎክ የገበሬ ማኅበረሰብ ለምን ከለውጥ እንደሚዘገይ ያስረዱት በዚህ ነው፤ እጅግ ያረጀው አእምሮ ገና ያልጠናውን አእምሮ ይቀርጸዋልና። እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ዝላይ ውስጥ ብሎክ ያላነሡት አንድ ነፃነት አለ፤ እሱን ለማየት ወደ አየርላንድ ገበሬ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ከሃርቫርድ የሄዱት ኮንራድ አረንስበርግና ሰሎን ኪምቦል በ1930ዎቹ መጀመሪያ በክሌር አውራጃ ኖረው የገበሬውን ቤተሰብ አጥንተዋል። በዚያ አገር እርሻው አይከፋፈልም፤ ለአንድ ወንድ ልጅ ያልፋል። መቼና ለማን እንደሚያልፍ የሚወስነው አባት ነው፤ አባትም ይዘገያል። እርሻ ያልተረከበ፣ ሚስት ያላገባ ሰው አርባ አምስት ዓመት ቢሞላው እንኳ በአገሩ አነጋገር «ልጅ» ነው፤ ገበያ ወርዶ ላም የሸጠበትን ገንዘብ ለአባቱ ያስረክባል። በመጨረሻ አማላጅ ተልኮ ጥሎሹ ሲቆረጥና ልጁ ሲያገባ ውል ይጻፋል። መሬቱ ወደ ልጁ ይዞራል፤ አባትና እናት ደግሞ ከምድጃው ጀርባ ወዳለው የምዕራቡ ክፍል ይገባሉ። የድሮ ሥዕሎችና የሟቾች መታሰቢያ ያሉበት፣ አሜሪካ የቀሩት ልጆች ፎቶግራፍ የተሰቀለበት ክፍል ነው። ውሉ ለሽማግሌዎቹ የሚቀረውን ይዘረዝራል፦ ክፍላቸው፣ ከምድጃው ዳር መቀመጫ፣ የአንዲት ላም ግጦሽ፣ ድንችና ማገዶ። የጡረታው ሕግ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሰባ ዓመት መድረስ መሬት ለማስረከብ ተጨማሪ ምክንያት ሆነ።

በርስትና በሚስት ቀልድ የለም። እርሻው በአባት እጅ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ቃል ሚዛን ላይ ነው። ወራሽ ለመሆን የሚጠብቀው ልጅ አባቱን ስለ ድንበሩ ቢጠይቅ ምን አሰበ ይባላል፤ ስለ አጎቱ ቢጠይቅ አሮጌ ቂም ይቀሰቅሳል። አባትም ያለፈውን ሲናገር ነገን እያሰበ ነው፤ አንዱን ልጅ ሊያስቀር፣ ሌሎቹን ሊሰድ ነውና። የምዕራቡ ክፍል ሽማግሌ ግን የሚሰጠውን ሰጥቷል። በቃሉ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ የሚያጣውም የለም። አምስትና ስድስት ዓመት የሆነው የልጅ ልጅ ደግሞ ወራሽ መሆን አለመሆኑን ገና አያውቅም። አንዱ ከርስት ጉዳይ ወጥቷል፤ ሌላው አልገባበትም። በአንድ ጣራ ሥር ከጥቅም ነፃ ሆነው የሚነጋገሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ብሎክ በዚህ ጥምረት ውስጥ ያዩት የልማድን ጽናት ነው፤ እኔ ደግሞ እውነት ለመናገር የሚያስችል ቦታ ይታየኛል። መሬቱን ያስረከበ ሽማግሌ የሚቀረው ንግግሩ ነው፤ ንግግሩም ከእንግዲህ ወዲህ የመሬቱ አገልጋይ አይደለም።

እነዚህ ሽማግሌዎች የነገሩት የሥራ ትዝታ ነው። ከረግረጉ በልዩ መቁረጫ እየተከተፈ በነፋስና በፀሐይ የሚደርቀው፣ ተርፍ የሚባለው ማገዶ አፈር አለ። በጸደይ ይቆረጣል፤ ይገላበጣል፤ በትንንሽ ክምር ይቆማል፤ ደርቆ ወደ ቤት እስኪገባ ክረምቱ አይታመንም። ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለክፍሉ ምድጃ አንዳንድ ቁራጭ በብብታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። በበጋ ጫማ አይደረግም። ቅቤ በሚናጥበት ሰዓት እንግዳ ቢገባ እሱም ጥቂት መናጥ አለበት፤ ዝም ብሎ ከወጣ የቤቱን በረከት ይዞ ወጣ ይባላል። ድርቆሽ ሲሰበሰብና እህል ሲወቃ ጎረቤቱ ሁሉ በደቦ ይወጣል፤ የመውቂያው መኪና ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ሲዞር ሰዉም አብሮት ይዞራል። ቄሱ በየተራ በአንዱ ቤት ቅዳሴ ሲያደርሱ፣ ተራ የደረሰው ቤተሰብ ግድግዳውን ኖራ ይቀባል፤ ለዓመታት የዘገየው ጥገና በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል።

ማታ ሁሉም ሊተኛ ሲል የቤቱ እመቤት እሳቱን ታዳፍናለች። ፍሙን ትሰበስባለች፤ አመድ ትመልስበታለች፤ በአየርላንድ ከፓትሪክ ቀጥላ በምትከበረው በቅድስት ብሪጂት ስም ጸሎት ታደርሳለች። በማግሥቱ አመዱን ገልጣ በዚያው ፍም ትለኩሳለች። ምድጃው ጠፍቶ አያውቅም የሚባልላቸው ቤቶች ነበሩ። የልጅ ልጅ ይህን ሁሉ በጥያቄ አላገኘውም፤ አብሮ እየተቀመጠ አየው። ከአያት የሚወረሰው ዕውቀት ሁሉ በተረት መልክ አይመጣም። ብዙው የሚመጣው እጅ ሲሠራ በማየት ነው፤ እጁን ያየ ልጅ ደግሞ ኋላ ለምን ብሎ የሚጠይቅበት ነገር ይኖረዋል።

የአየርላንድ ገበሬ ዘግይቶ ማግባቱም ለትዝታ ያልታሰበ ውጤት ነበረው። ከረሃቡ በኋላ ባለው ዘመን አይሪሾች በአውሮፓ እጅግ ዘግይተው ከሚያገቡት ነበሩ። ዘግይቶ የወለደ ሰው የልጅ ልጅ የሚያየው በስተርጅና ነው። በ1938 ደብተር ይዞ የተቀመጠ የ12 ዓመት ልጅ፣ በ1858 የተወለዱ የ80 ዓመት አያት ፊት ሊሆን ይችላል። እኚያ አያት በልጅነታቸው የራሳቸውን አያት ሰምተው ከሆነ፣ እኚያኛው የ1798ቱን ዐመፅ፣ በማዮ ጠረፍ ኪላላ ላይ የወረደውን የፈረንሳይ ጦር በዓይናቸው ያዩ ይሆናሉ። በሁለት አንደበት 140 ዓመት ማለት ነው። በመዝገብ ቤት ያለ ወረቀት ይህን ያህል ዕድሜ ቢኖረው በመስታወት ውስጥ ያስቀምጡታል። እዚህ ግን በአንድ ወጥ ቤት፣ በሁለት በርጩማ ላይ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ሲያልፍ ነበር።

መሬቱም ራሱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገር ጉዳይ ነበረው። በ1879 በማዮ የተነሣው የመሬት ማኅበር ጭሰኛው ከሚያርሰው መሬት እንዳይነቀል ታገለ። በ1903 የወጣው ሕግ ደግሞ ጭሰኛው መሬቱን ከከበርቴው በመንግሥት ብድር እንዲገዛ አደረገ፤ ብድሩ የሚከፈለው በ68 ዓመት ተኩል ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ? እዚህ ከልጅም አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በዚያ ውል የፈረመ ገበሬ ዕዳው ተከፍሎ እንደማያይ እያወቀ ፈርሟል። ስለዚህ ስለ መፈናቀል የሰማው የልጅ ልጅ ተረት እየሰማ አልነበረም፤ ለምን እንደሚከፍል ምክንያቱን እየሰማ ነበር። ትዝታ ባይኖር ዕዳው ዕዳ ብቻ በሆነ፤ ትዝታው ግን ዋጋ አደረገው።

እስካሁን ያነሣሁት የተነገረውን ነው። ያልተነገረው ይበልጣል። በ1845 የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ገባ፤ እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ እስከ ዛሬ ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም። ልጆቹ በ1937 ስለዚህ ሲጠይቁ አያቶቹ መለሱ። ተስካሩ ሳይወጣ የተቀበረውን ሕዝብ፣ ከሥሩ ተከፍቶ አስከሬኑን ወደ ጉድጓድ የሚለቀውንና ዳግም የሚያገለግለውን ሣጥን፣ ከአሜሪካ የመጣውን ቢጫ የበቆሎ ዱቄት ነገሩ። ነገር ግን መልሳቸው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። የሞቱት የወዲያኛው መንደር ሰዎች ናቸው፤ የለመኑት መንገደኞች ናቸው፤ የነጋሪው ቤተሰብ እንዴት ተረፈ የሚለው ግን ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይቀራል። የተረፈ ሰው ለምን ተረፈ? ምን ነበረው? ለማን ከለከለ? የጎረቤቱ መሬት በማን እጅ ገባ? በረሃብ ከሞተው ይልቅ የተረፈው ሰው የሚመልሰው ጥያቄ ይከብዳል፤ የዛሬው ሁሉ ደግሞ የተረፉት ልጅ ነው።

መሬቱ ግን አልዋሸም። በአኪል ደሴት በስሊቭሞር ተራራ ግርጌ ጣራ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል። በአካባቢው፣ በምዕራብ አየርላንድም በብዙ ተራራ ጥግ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል በሣሩ ሥር ትይዩ መደቦች ጎላ ብለው ይታያሉ፤ ድንች ይተከልባቸው የነበሩ ናቸው። ዛሬ እዚያ የሚያርስ የለም። ልጅ አያቱን «ያ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አያቱ ሊሉት የማይፈልጉትን መሬቱ አስቀድሞ ጠቁሞታል።

ሆድ ይፍጀው የተባለ ትዝታ ግን በዚያው አይቀርም፤ አንደበት ሲያጣ በእጅ ይወጣል። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን አይተነዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ አገራችንን በመታበት ወቅት፣ ደብሊን አጠገብ የተወለደው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ባስተባበረው የላይቭ ኤይድ የእርዳታ ኮንሰርት ከሕዝብ ቁጥሩ አንጻር ከሁሉ ይበልጥ የሰጠው የአየርላንድ ሕዝብ መሆኑ ተደጋግሞ ተነግሯል። አየርላንድ ያኔ ወጣቶቿ ሥራ አጥተው የሚሰደዱባት ድሃ አገር ነበረች። የሰጡት ሰዎች ሁሉ የቅድመ አያቶቻቸውን ታሪክ አጥርተው ያውቁ ነበር ማለት አልችልም። ነገር ግን የገዛ ወላጆቹ ረሃብ ተሟልቶ ያልተነገረው ሰው የሌላውን ረሃብ ሲያይ እጁ መፍጠኑ፣ ከቃል በታች የሚወርድ ውርስ መኖሩን ያሳየኛል።

ዝምታ ሁሉ ግን እንዲህ መልካም ፍሬ አያፈራም። እርሻው ለአንድ ልጅ ሲያልፍ የቀሩት መሄድ ነበረባቸው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ከመሄዱ በፊት ባለው ሌሊት ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ያለቅሳል፤ የቁም ለቅሶ ነበር፤ አብዛኛው ተመልሶ አይመጣምና። በ1950ዎቹ ብቻ 400,000 ያህል ሰው ከአገሩ ወጥቷል። የሄዱት ፎቶግራፋቸው በምዕራቡ ክፍል ተሰቀለ፤ ደብዳቤያቸውና ዶላራቸው ተቆጠረ። ከቤት ወጥተው ፎቶግራፋቸው ያልተሰቀለ ሴቶች ግን አሉ። ሳያገቡ ያረገዙ የገበሬ ልጆች የቤተሰባቸውን ስም እንዳያጎድፉ ተብለው በመነኮሳትና በአውራጃ አስተዳደር ወደሚተዳደሩ ተቋማት ተላኩ። በጃንዋሪ 2021 የወጣው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ እንደሚለው፣ ከ1922 እስከ 1998 በመረመራቸው 18 ተቋማት 56,000 ያህል እናቶችና 57,000 ያህል ሕፃናት አልፈዋል፤ ከሕፃናቱ 9,000 ያህሉ ሞተዋል።

ያ በየቤቱ የታወቀ ነበር፤ በየቤቱም አልተነገረም። ዝምታውን ከሰበሩት አንዷ በጎልዌይ አውራጃ በቱአም አጠገብ ያደጉት ካትሪን ኮርለስ ናቸው። በልጅነታቸው አንድ ቀን ከከተማው የእናቶችና የሕፃናት ተቋም ለመጣች የክፍል ልጅ፣ ከረሜላ የሌለበትን የከረሜላ ወረቀት ጠቅልለው ሰጥተዋት እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ልጅቷ በጉጉት ተቀብላ ስትፈታው ያየው ዓይናቸው አልረሳም። ከዓመታት በኋላ ስለ ተቋሙ መጠየቅ ጀመሩ፤ በ1925 ተከፍቶ በ1961 እስኪዘጋ የሞቱ የ796 ሕፃናትን የሞት ምዝገባ አገኙ፤ የአብዛኞቹ መቃብር ግን አልተመዘገበም። የትዝታ ኃይል እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዲት ሴት የያዘችው ትንሽ የልጅነት ጸጸት፣ ጥያቄ ሲሆን፣ የአገር ሚስጥር ገለጠ። የምዕራቡ ክፍል ሽማግሌ ከርስት ነፃ ሊወጣ ይችላል፤ ከኀፍረት ግን በራሱ አይወጣም። እሱን የሚያወጣው ጠያቂ ነው።

ለዚህ ነው የአያቶችን ትዝታ እንደ ማር ብቻ መቅመስ የማይበቃው። ዛሬ አየርላንድ ውስጥ በዕድሜ የገፉት አያቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተወለዱት ናቸው። መብራት በገጠር መዘርጋት የጀመረው በ1946 ነው፤ ከዚያ በፊት በኩራዝ ያጠኑ፣ ወተት በአህያ ጋሪ ወደ ወተት ማኅበሩ ያደረሱ፣ ነፃ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ1967 ሳይጀመር በ14 ዓመታቸው ከትምህርት ቤት የወጡ ብዙ ናቸው። ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ በጋው ረጅም፣ ጎረቤቱ ደግ፣ ዳቦው ጣፋጭ ይሆናል። ተቺ ሰው ይህ ናፍቆት ነው፣ ታሪክ አይደለም ሊል ይችላል፤ ድህነቱን፣ የመምህሩን አለንጋ፣ የአባትን አምባገነንነት ረስተውታል ብሎ። ትችቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው የረሳው ይመስለናል እንጂ ብዙ ጊዜ የመለሰው ለተጠየቀው ነው። «ያኔ ደስ ይል ነበር?» ተብሎ ከተጠየቀ ድርቆሹን ያነሣል። «ማን ሄደ? ለምን እሱ ሄዶ አንተ ቀረህ? መሬቱ ሲተላለፍ ማን አለቀሰ?» ተብሎ ቢጠየቅ ሌላ ይናገራል፤ ወይም ዝም ይላል። ያ ዝምታም መልስ ነው፤ ጠያቂው ሊያከብረው እንጂ ሊያልፈው አይገባም።

የ1937ቱ ልጆች የተሰጣቸው መምሪያ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው። ስለ ጠበልና ስለ ቅቤ ጠየቀ፤ ስለተላኩት ሴቶች አልጠየቀም። መንግሥት የሚያስጠይቀው ሊሰማ የሚፈልገውን ነው። ታላቅነቱ ግን አይቀንስም፤ አንድ ድሃ አገር ነፃ በወጣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ልጆቹን ወደ ሽማግሌዎቹ ልኮ የእናንተ ሕይወት መጻፍ ይገባዋል ብሏቸዋልና። ያኔ መልስ የሰጡት አረጋውያን መሬታቸውን ካስረከቡ በኋላ ማንም የሚፈልግባቸው ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር። የተፈለገባቸው ግን ከእርሻው የበለጠ ነበር።

እርሻ የሚተላለፈው አንዱ ሲያገኝ ሌላው ሲያጣ ነው፤ ስለዚህ ወንድማማቾችን ያለያያል። የተነገረ ትዝታ ግን ለአምስቱም ልጆች ሳይቀነስ ይደርሳል፤ አሜሪካ ለሄደውም፣ እቤት ለቀረችውም፣ ስሟ ለተፋቀውም ይገባል። በአየርላንድ ገጠር ለሁሉም እኩል ሊከፋፈል የቻለ ብቸኛ ርስት እሱ ነበር። ሆኖም ያለ ውል የሚተላለፍ ነገር ስለሆነ ማንም ወራሽ ነኝ ብሎ ተቀምጦ ሊጠብቀው አይችልም። አያት ያለው ሰው ዛሬ ሄዶ ይጠይቅ፤ ደስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም የሚያስጨንቀውን ይጠይቅ። ሽማግሌው የመናገር ነፃነት የሚያገኙት እኛ ለመስማት በደፈርነው ልክ ነው።